እናቴን ብቻዬን እያስታመምኩ ነው፤ ለአስታማሚ የሚደርስለት ማነው?

የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው።

እናቴን ስትሮክ መቷት ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ትሰማለች፣ ታውቀናለች፣ አነጋገሯ ግን ይጎተታል። ከሆስፒታል ስንወጣ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ሰጥተው አሰናበቱን። እንዴት እንደማገላብጣት፣ ምን እንደማበላት፣ ገላዋን እንዴት እንደማጥባት ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። ካዛንችስ እያለን እናቴ ራሷን ካመማት ሳንጠራ የሚደርሱ ጎረቤቶች ነበሩን። ሰፈሩ ሲነሳ ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ወደ አያት የሄደ አለ። እዚህ በሩን አንኳኩቼ የማውቀው አንድ ሁለት ቤት ቢሆን ነው።

እኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ውጭ አገር ነው፤ ብር ይልካል፣ እግዜር ይስጠው። ታናሽ እህቴ አራስ ሆና አዳማ ናት። ቀን አንዲት ልጅ ከእናቴ ጋር ትውላለች፣ ማታና ሌሊት እኔ ነኝ፣ ቅዳሜና እሑድም እኔ ነኝ። ገንዘቡ አይቸግረኝም አልልም፤ የአዋቂ ዳይፐሩ ብቻ ደመወዝ ይበላል። ከሁሉ በላይ ያጣሁት ግን ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል አጠገቧ የሚቀመጥልኝ ሰው ባገኝ ፀጉሬን እታጠባለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ወይም ዝም ብዬ እተኛለሁ።

እንዲህ ላለ ሰው የሚደርስ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር፣ ምንም ይሁን ምን የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

ሲስተር ከአቃቂ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላት። ነርስ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ነገ ጠዋት ወደ ወረዳሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እናትሽን መውሰድ አያስፈልግሽም፤ የሆስፒታሉን የመውጫ ወረቀት ብቻ ያዢ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አሉ፣ ሥራቸውም ቤት ለቤት ነው። የቤተሰብ ጤና ቡድን ብለሽ ጠይቂ፤ ጤና ባለሙያዎቹ ከኤክስቴንሽኖቹ ጋር ሆነው አልጋ የያዘ ሰው ያለበት ቤት ድረስ የሚሄዱበት አሠራር ነው። ግን ካልተመዘገብሽ ማንም አያውቅሽም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ሰው በሩን ዘግቶ ስለሚኖር በአራተኛው ፎቅ ማን እንደተኛ ማንም አያይም። የብሎክና የቤት ቁጥርሽን፣ ስልክሽን አስመዝግበሽ የባለሙያዋን ስልክ ሳትቀበይ አትውጪ። ደም ግፊቷን መለካት፣ ቁስል ማየት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካላት መከታተል ከእነሱ የምትጠይቂው ነው።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ቆዳን የሚጫንበት ቦታ ላይ ነው፦ ተረከዝ፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ የትከሻ አጥንት። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ቀይሪላት። መጽሐፉ ቆዳው ይቀላል ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጅሽ መርምሪ፦ ከአካባቢው ጠቆር ካለ፣ ከሞቀ፣ ጠጠር ካለ ወይም ከለሰለሰ በዚያ ቦታ ላይ ደግመሽ አታስተኛት። ብዙ ሰው በቅባት ያሸዋል፤ አጥንት ያለበትን ቦታ ማሸት ይብስ ይጎዳዋል፣ አትሺው። ከባቷ ሥር ትራስ አድርገሽ ተረከዟ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ማድረግ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከትከሻዋ እስከ ጭኗ የሚደርስ አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከሥሯ አንጥፊ። ወደ ላይ ከፍ ልታደርጓት ስትፈልጉ አንቺ በአንድ ጎን፣ ልጅቷ በሌላ ጎን ሆናችሁ አንሶላውን ጠቅልላችሁ ይዛችሁ አንሱ። አትጎትቷት፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል። በግራ እጇ ይዘሽ ፈጽሞ እንዳታነሻት። የደከመ ትከሻ ከቦታው ይወጣል፣ ሕመሙም ከስትሮኩ የባሰ ያሰቃያታል።

ምግብ ስትሰጫት ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯ ወደ ደረቷ ጠጋ ይበል። በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው ጎኗ በኩል አጉርሺያት። ግራ ጉንጯ ውስጥ የተረፈ እንዳለ በየመሐሉ እዪ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኛት። ውኃ ስትጠጣ የምታስል ከሆነ ወይም ድምፅዋ እንደ እርጥብ ከሆነ መዋጥ ተቸግራለች ማለት ነውና ለሐኪም ንገሪ፤ እስከዚያው ከቀጭን ውኃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላታል።

አዲስ ጎጆ

እህቴ አይዞሽ። መቄዶንያን አላሰብሽም? ብዙ አረጋውያን አሉ፣ በደንብ ይያዛሉ ሲሉ እሰማለሁ።

የቱሉ ዲምቷ

ሲስተር፣ ስለ አንሶላው እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። አዲስ ጎጆ፣ በቅንነት እንዳልሽው ይገባኛል። ግን እናቴ እኔ አለኋት። እሷን አሳልፌ ለመስጠት ሳይሆን ሳልወድቅ ለማስታመም ነው የምጠይቀው።

ጋሽ አለልኝ ባይ

በመቄዶንያ ጉዳይ አንድ ነገር ልበል፤ በየውይይቱ ይህ ስም እየተነሣ አስታማሚዎች ሲሸማቀቁ አይቻለሁና። የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ ቢንያም በለጠ ሲመሠርተው ጎዳና ላይ ለወደቀ፣ ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ወረፋ ሊይዝበት አይገባም። ለእኛ ግን በሌላ በኩል ይጠቅመናል። በጎ ፈቃደኞች እየሄዱ አረጋውያንን ያጥባሉ፣ ያጎርሳሉ፤ የአልጋ ቁራኛ እንዴት እንደሚያዝ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ሄዶ ማገልገል ይችላል። እኔ ባለቤቴን ከማስታመሜ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም ነበር።

እሷ ካንሰር ነበረባት። በመጨረሻው ወራት የደረሰልን ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ነርሶቹ ቤት ድረስ መጥተው ሕመም የሚያስታግስ እንክብካቤ ያደርጋሉ፣ ክፍያ የለውም። በዋናነት ለካንሰርና ለመሰል የማይድኑ ሕመሞች ነው፤ የቱሉ ዲምቷ፣ የአንቺ እናት ጉዳይ ይለያል። ግን ይህን ውይይት የሚያነብ ብዙ ሰው ስላለ ጻፍኩት። ሕመም ዝም ብለው የሚችሉት ነገር አይደለም፣ መድኃኒት አለው። «ሞርፊን ከጀመረች አለቀላት» የሚሉ ዘመዶች ነበሩን፤ እሷ ግን ሞርፊኑን ከጀመረች በኋላ ነው ተቀምጣ ያወራችን።

የሰበታው ልጅ

እኔ እናቴን የማስታምመው ወንድ ልጅ ሆኜ ነው። ብቸኛ ልጇ ነኝ፣ እህት የለኝም፣ ሚስትም ገና አላገባሁም። በስኳር ምክንያት እግሯ ተቆርጧል። ማብሰሉን፣ ማጠቡን፣ መርፌዋን መውጋት ሁሉ ለምጄዋለሁ። የገላው ነገር ግን አልሆነም። እናቴ በልጇ እጅ መታጠብን ሞቴ ነው የምትለው። እኔም ፊቴን አዙሬ፣ እሷም በነጠላ ተሸፍና ሞክረነው ነበር፤ ሁለታችንም አልቅሰን ተውነው።

አሁን ግቢ የምንጋራቸው ሁለት እናቶች ሐሙስና እሑድ ጠዋት እየመጡ ያጥቧታል። እኔ ደግሞ ለእነሱ ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሥቼ ጀሪካኖቻቸውን እሞላለሁ፣ ሲሊንደራቸውን ተሸክሜ አመጣለሁ። ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም፤ ሥራ ተለዋወጥን። ከመጠየቅ ይልቅ ሥራ ሰጥቼ ማግኘቱ ቀለለኝ። ወንዶች አስታማሚዎች ካላችሁ ይህን ሞክሩ።

ሌላ ነገር፣ ከአዲስ አበባ ዳር ያለን ሰዎች ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ያላችሁ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ነን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳችንም ከዚሁ ነው የሚወጣው። አዲስ አበባ ሆስፒታል መሄድ ግድ ከሆነ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ሰንሰለት ጠብቁ። ወረቀት ሳትይዙ ከሄዳችሁ ካርዱ እያላችሁ ከኪስ ትከፍላላችሁ። እድሳቱም ጊዜ አለው፣ አታሳልፉት። የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ተለይቶ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት መንገድ ስላለ ወረዳችሁን ጠይቁ።

ሕግ ነክ

የቱሉ ዲምቷ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ ስላለች ባጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአስታማሚ ተብሎ የተለየ ፈቃድ የለውም። የሕመም ፈቃድ የራስሽ ሕመም ነው። ሆኖም ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውጣት መብትሽ ነው፤ በበጀት ዓመት ውስጥ ከ2 ጊዜ በላይ አይሰጥም። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ አሠሪሽ ከተስማማ ለሁለት ከፍለሽ መውሰድ ትችያለሽ። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጊው፣ የሐኪም ወረቀት አያይዢበት።

ሁለተኛው ውክልና ነው፤ እባክሽ ይህን አታዘግይው። እናትሽ ጡረታ ወይም የባንክ ሒሳብ ካላት፣ አሁን ሰው እያወቀች፣ ሐሳቧን መግለጽ እየቻለች ነው ውክልና መስጠት ያለባት። አእምሮዋ ከደከመ በኋላ ሕጉ አይቀበልሽም፤ ያኔ በፍርድ ቤት በኩል መሄድ ነው፣ ረጅም ነው። መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው የሰነዶች ማረጋገጫ ባለሙያ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ የሚያረጋግጥበት አሠራር አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን ብለሽ ጠይቂ።

የቱሉ ዲምቷ

ውክልናውን አላሰብኩትም ነበር። ጡረታዋ አለ።

ስለ ፎቁ ካነሣችሁ አይቀር፦ ለቀጠሮ ስናወርዳት የምንሰቃየው ስቃይ ልነግራችሁ አልችልም። ባለፈው ሁለት የጥበቃ ልጆች በጋቢ ተሸክመዋት ሲወርዱ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንደኛው ተንሸራተተ፣ እግዚአብሔር አተረፈን። እናንተ እንዴት ነው የምታወርዱት?

ሲስተር ከአቃቂ

ጋቢ አትጠቀሙ፤ መሐሉ ይረግባል፣ ሰውነቷም ይታጠፋል። ክንድ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር ፈልጉ፣ የፕላስቲክ አይሁን። ወገቧንና ደረቷን በነጠላ ከወንበሩ ጋር እሰሩ፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ ሸፍኗት። ከላይ የሚይዘው ሰው የወንበሩን መደገፊያ፣ ከታች የሚይዘው የፊት እግሮቹን ይይዛል፤ ጠንከር ያለው ከታች ይሁን። ፊቷ ወደ መውረጃው ሆኖ ወንበሩ ወደ ኋላ ጋደል ይበል። ሦስተኛ ሰው ከታች ካለው ፊት ፊት እየወረደ ደረጃውን ይንገረው። በየወለሉ አሳርፉ።

ድንገተኛ ነገር ከሆነ፣ ማለትም አዲስ የፊት መጣመም፣ አዲስ ድክመት፣ መናገር ማቃት፣ ራስን መሳት ካየሽ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ከናንተ ሩቅ አይደለም። ሰዓቱን መዝግቢ፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «መቼ ጀመረ» ብሎ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አንቺ። እንቅልፍ ቢገኝም የማይወስድሽ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ያለ ምክንያት የምታለቅሺ ከሆነ፣ «ሁለታችንም በሄድን» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ለራስሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የአእምሮ ጤና የሚያዩ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ከበረታ ወደ አማኑኤል ወይም የካ ኮተቤ ሆስፒታል ይልኩሻል። ለአስታማሚ ካርድ ማውጣት ነውር የለውም።

ከሜሪላንድ

እኔ እንደ ታላቅ ወንድምሽ ውጭ ያለሁ ሰው ነኝ፤ አባቴን የምታስታምመው እህቴ ለገጣፎ ናት። በእኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ብር ከላክን የድርሻችንን የተወጣን ይመስለናል። እህቴ አንድ ቀን ደውላ «ብሩን ያዘውና ሌሊት ስጠኝ» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ የምልከው ብር ለይቶ ሥራ ተሰጥቶታል፦ በሳምንት ሁለት ሌሊት የምታድር፣ ቀደም ሲል ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ሆና የሠራች ሴት ቀጥረናል። እህቴ በእነዚያ ሌሊቶች በሌላ ክፍል በሯን ዘግታ ትተኛለች። ቀጠሮ ማስያዝ፣ የትኛው መድኃኒት የት ፋርማሲ እንዳለ ደውሎ መጠየቅ፣ ለዘመድ ሁሉ ስለ አባታችን ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው። ስልክ ከዚህም ይደወላል። ለወንድምሽ ይህን ውይይት ላኪለት።

እትዬ የቀድሞ ሠፈር

ልጄ፣ የጻፍሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ አሁን የካ አባዶ ነው ያለሁት። በኤች አይ ቪ ዘመን ቤት ለቤት ስናስታምም ከነበርነው ሴቶች አንዷ ነኝ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየቤቱ ወጣቱ አልጋ ላይ ነበር፣ አስታማሚውም ብዙ ጊዜ አሮጊት እናት ወይም ሕፃን ልጅ። ያኔ አንዳንድ እድሮች ቀባሪ ብቻ ሆነን አንቀርም ብለው ተነሡ። ሥልጠና ወስደን፣ ጓንትና ሳሙና ይዘን፣ ሁለት ሁለት እየሆንን እንገባ ነበር። ስንገባ አስታማሚዋን አውጥተን ነው ሥራ የምንጀምረው። «ሂጂ፣ ገበያሽን ገብዪ፣ ተኚ» እንላታለን። እሷ ቤት ውስጥ ካለች አታርፍም፣ ቡና ላፍላ ትላለች።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ልጄ፣ አንቺ ጋ ሰው ስለማይመጣ አይደለም። ዘመድ ይመጣል፣ የቢሮ ሰው ይመጣል፣ የድሮ ጎረቤት ከገላን ጉራ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ጠያቂ ነው የበዛው፤ ተራ ገቢ፣ ማለትም በተራው ገብቶ አንቺን የሚያሳርፍ ሰው ነው የጠፋው። ጠያቂ ሲመጣ ቤት ትጠርጊያለሽ፣ ቡና ታፈያለሽ፣ የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ትተርኪያለሽ፣ ሲሄድ ደክመሽ ትቀሪያለሽ። ሕዝባችን በሽተኛ መጠየቅን አልተወም፤ ያንን እግር ወደ ሥራ መቀየር ነው። «ልጠይቃት ልምጣ» ብሎ ለደወለ ሰው «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተቀመጥልኝ፣ እኔ ወጣ ልበል» በይው። አታፍሪ። ግማሹ ደስ ብሎት ይመጣል፤ ምን ላድርግ እያለ ነበርና። የማይመጣውም ታውቂዋለሽ።

አንዲት እናት

እትዬ ያሉት በእኔም የደረሰ ነው። ልጄ ኦቲዝም አለው፣ አሁን 14 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ከእኔ በላይ ሆኗል። በኢትዮጵያ ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው ማዕከል ጆይ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ናት፤ እሷም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች። የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ደግሞ መናገሻ ያለው ቼሻየር አለ፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ነው። ግን ሁሉንም ማዳረስ አይችሉም፤ እኛ ዳር ያለን ደግሞ በሁለት ታክሲ ልጅ ይዞ መመላለሱ ራሱ ቀኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ በአካባቢዬ ያሉ አራት እናቶች ተገናኝተን በየተራ የሁላችንንም ልጆች አንድ ቤት እንይዛለን። ልጁን የሚያውቀው ሰው ሲይዘው ልቤ አይሰቀልም።

የእድር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። የእትዬን ሐሳብ አከብራለሁ፣ ግን በኃላፊነት ያለ ሰው የሚያየውን ልናገር። የእኛ እድር ገና አዲስ ነው። አባሉ ከየሰፈሩ የመጣ ነው፣ ገና አልተዋወቀም። ደንባችን ለሞት ነው የተጻፈው፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ለቀስተኛ፣ ለቤተሰቡ የሚከፈል ገንዘብ። ለሕመም እንክፈል ካልን ካዝናው በአንድ ዓመት ይራቆታል፤ በየቤቱ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አለና። «የእገሌን እናት ረድታችሁ የእኔን ለምን ተዋችሁ» የሚል ጭቅጭቅም ይመጣል። ጭቅጭቅ እድር ያፈርሳል።

እትዬ የቀድሞ ሠፈር

ጸሐፊ፣ እውነትዎን ነው፣ ካዝናውን አትንኩ። እኔ ገንዘብ አላልኩም። እድራችሁ ዕቃ ቤት የለውም? ድስት፣ ወንበር፣ ድንኳን አታከራዩም? ከዚያው ጎን አንድ ዊልቸር፣ አንድ የመጸዳጃ ወንበር፣ አንድ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ይቀመጥ። ድስት እንደሚወጣው ተፈርሞ ይውጣ፣ ሲበቃ ታጥቦ ይመለስ። ስንቱ ቤት ነው ሰውዬው ካረፈ በኋላ ዊልቸሩ በረንዳ ላይ ዝናብ የሚመታው! ቢለምኗቸው ለእድሩ በነፃ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል አይደል? ሰው ሞቶ ለአንድ ቀን ሥራችንን ጥለን የምንወጣ ሰዎች፣ በሕይወት ላለች ሴት በወር ሁለት ሰዓት ያቅተናል?

የእድር ጸሐፊ

ዕቃውን እቀበላለሁ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ተራውን ግን በቅጣት አላደርገውም። በቅጣት የመጣ ሰው በሽተኛ አጠገብ መቀመጥ የለበትም፤ ቤቱ ውስጥ ንብረት አለ፣ ገመና አለ። በፈቃደኝነት ከሆነ ለጠቅላላ ጉባኤ አቀርባለሁ።

እትዬ የቀድሞ ሠፈር

በቅጣት አይሁን ካሉ ይሁን። እኔ ግን ፈቃደኛ ብቻ ሲባል ሁልጊዜ የሚመጡት እነዚያው ሦስት ሴቶች እንደሚሆኑ አይቻለሁ፤ እነሱም በመጨረሻ ይደክማሉ። ቢያንስ ወንዶቹ ደረጃ ማውረዱን በዝርዝር ይያዙ።

የሰበታው ልጅ

እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ወንበር ይዞ መውረድ ለጎረምሳ ምንም አይደለም። በየብሎኩ የአራት ወጣት ስልክ በመግቢያው በር ላይ ይለጠፍ።

ሕግ ነክ

ጋሽ ጸሐፊ፣ ደንቡን ስታሻሽሉ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ተራ ገቢ መድኃኒት አይሰጥም፣ መርፌ አይወጋም፣ ገንዘብ አይቀበልም። ነገ ጥያቄ ቢነሣ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። እንዲሁም ጧሪ የሌላቸውን፣ በሕመም ወይም በዕድሜ መሥራት የማይችሉትን አባላት እድሩ ያውቃቸዋልና ለወረዳው የከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ በስም ዝርዝር ይጠቁም። ምልመላው በአካባቢው ኮሚቴ በኩል ስለሚያልፍ የእድር ምስክርነት ይጠቅማል።

የእድር ጸሐፊ

እንዲህ ብዬ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ አስተካክሉልኝ፦

«እድሩ አልጋ ለያዘ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ የሚውል ዊልቸር፣ የመጸዳጃ ወንበርና ፍራሽ በዕቃ ቤቱ ይይዛል፤ ያለ ክፍያ በፊርማ ያውሳል። በፈቃዳቸው የተመዘገቡ አባላት ሁለት ሁለት ሆነው አስታማሚውን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ይተካሉ። ተራ ገቢዎች መድኃኒት አይሰጡም፣ ስጦታ አይቀበሉም፣ በቤቱ ያዩትን ለሌላ አያወሩም። በየብሎኩ ሕመምተኛ የሚያወርዱ ወጣቶች ስም ዝርዝር በጸሐፊው ይያዛል።»

እትዬ የቀድሞ ሠፈር

«በሳምንት አንድ ጊዜ» ካሉት ላይ «በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ በተቻለ መጠን በእነዚያው ሰዎች» ብለው ይጨምሩ። በሽተኛዋ በየሳምንቱ አዲስ ፊት ካየች ትፈራለች። አስታማሚዋም ሰዓቱን ካላወቀች ምንም ማቀድ አትችልም። «ቡና አይፈላላቸውም» የሚልም ይግባበት።

የቱሉ ዲምቷ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመዝግቤያለሁ፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ደም ግፊቷን ለካች፣ ተረከዟንም አየችልኝ። ወንድሜ ውይይቱን አንብቦ ደውሎልኛል፤ ሁለት ሌሊት የሚለውን እየፈለግን ነው። ከብሎካችን ሁለት ሴቶች፣ አንደኛዋ ከታችኛው ፎቅ ናት፣ ቅዳሜ 8 ሰዓት እንመጣለን ብለውኛል። እትዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ምን ምን ላሳያቸው?

እትዬ የቀድሞ ሠፈር

አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ከአልጋው በላይ ለጥፊ፦ ምን እንደምትበላ፣ በየትኛው ጎን እንደምትጎርስ፣ መጨረሻ የተገላበጠችበት ሰዓት፣ ያንቺ ስልክና 907። አንሶላውን እንዴት እንደሚይዙት አንድ ጊዜ አብረሻቸው አድርጊው። ዳይፐሩና ሳሙናው ያለበትን አሳዪያቸው። ለእናትሽ ደግሞ ማን እንደሚመጣ ከዋዜማው ንገሪያት፣ በስማቸው። የመጀመሪያ ቀን አይቆዩ፣ አንድ ሰዓት ይብቃቸው፤ አንቺም ከግቢው ሳትርቂ ታች ፀሐይ ላይ ተቀመጪ። በሁለተኛው ቅዳሜ ነው የምትርቂው። ያኔ ፀጉርሽን ለመታጠብ ቀጠሮ አስይዢ።